ከአዘዞ የሮጠው ልጅ ፊት

የእርጥብ ኖራ ሽታ ለሁሉ ሰው አንድ አይደለም። ለግንበኛ የእንጀራው ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሩጫ ቀን ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ምንትዋብ ከስታዲየም በቀጥታ ወደ ቤቴ መጥታ፣ ካፊያ ያረጠበውን ጫማዋን ደጃፉ ላይ ስታወልቅ፣ ከሶሉ ሥር የተለጠፈው የመሮጫ መስመር ኖራ ሸተተኝ። ሻይ ልቀዳላት ተነስቼ ነበር፤ ፔርሙሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ሽማግሌ «ምንም» ሲል ብዙ ነገር ማለቱ ነው፤ ወጣት ይህን አያውቅም፣ ቢያውቅም ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ጊዜ የለውም።

ምንትዋብ ፎቶ አንሺ ናት። ሰዎች «ሙያውን ከአጎቷ ወረሰች» ይላሉ፤ እኔ ግን ያወረስኳት ነገር ቢኖር የወገብ ሕመም ብቻ ይመስለኛል። የሰፈር ቡድኖች ሲጋጠሙ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲኖር፣ ከዳባትና ከደባርቅ ሯጮች ሲመጡ ከሜዳው ዳር አትጠፋም። ያን ቀን ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አንድ ነገር እንድፈርድላት ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ መጽሔት ፎቶ አንሺ ሊቀጥር ነው፤ የሥራዎችሽን ስብስብ ላኪ ብሏታል። ፖርትፎሊዮ ይሉታል እነሱ። በእኛ ጊዜ የፎቶ አንሺ ፖርትፎሊዮ የሱቁ መስኮት ነበር፤ ጥሩ ያልነውን እዚያ እንለጥፋለን፣ ፀሐይ እስኪያደበዝዘው ድረስ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፣ ይተቸዋል።

«የስፖርቱን በሙሉ ላወጣው ነው» አለችኝ።

«ምነው?»

«የሰው ፎቶ ነው የሚፈልጉት፣ ጋሼ። ሯጭና አቧራ ምን ያደርግላቸዋል? የስታዲየም ፎቶ አንሺ ናት ብለው ይተዉኛል። ጥሩ የፊት ሌንስ ልግዛና አዲስ ላንሳ ብዬ ነው። ሰማንያ አምስት ሚሊ ሜትሩ ይሻላል ወይስ መቶ ሰላሳ አምስቱ?»

«የምታነሺበት ቤት ስንት ክንድ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። መቶ ሰላሳ አምስቱ ፊት አያጣምምም፣ አፍንጫ አያሳብጥም፤ ነገር ግን ሰውየው ከነትከሻው እንዲገባልሽ ወደ ኋላ ስትሄጂ ስትሄጂ ጀርባሽ ግድግዳ ይመታል፤ የጎንደር ክፍል ደግሞ ሰፊ አይደለም። ሰማንያ አምስቱ በአንዲት ክፍል ውስጥ ያሠራል። ሃምሳው ቅረቢ ይልሻል፤ እጅግ ከቀረብሽ አፍንጫ ያስረዝማል፣ ጆሮ ያሸሻል፣ ባለ ፊቱም ይቀየምሻል። ይህን ሁሉ ደርድሬ ነገርኳት። እሷ የምትወደው ግን ከሰውየው ጀርባ ያለው ሁሉ እንደ ጉም የሚደበዝዝበትን ሌንስ ነው። «ጀርባውን እንዲህ ካጠፋሽው የየት አገር ሰው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ብላት፣ «ዘመናዊ እንዲህ ነው» አለችኝ። እኛም በተራችን ዘመናዊ ተብለን ነበር።

ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። ሯጮች፣ በረኛ፣ ጉልበቱን ይዞ ሣሩ ላይ የወደቀ ተከላካይ፣ ያሸነፈች ልጅ አንገት ላይ የተጠመጠመች ጓደኛ። «አታውጪያቸው፤ የምትፈልጊው ፊት ያለው እዚህ ነው» አልኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔ ወሬውን ወደ ሌንስ ዋጋ መለስኩት። በመጨረሻ ገሚሱን አስቀርታ፣ ገሚሱን አውጥታ ላከች። ሌንሱንም ሰማንያ አምስቱን መረጠች፤ ደግ አደረገች። ምክንያቴን ግን ሳልነግራት ሄደች። በአፍ የሚያንቀኝን ነገር በብዕር ልሞክረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

በወጣትነቴ የምሠራበት ፎቶ ቤት ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቢጫ ፎቆች በአንዱ ሥር ነበር። በስተቀኙ ልብስ ሰፊ፣ በስተግራው ፀጉር አስተካካይ፣ ፊት ለፊቱ ሙዚቃ ቤት። የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ይለዋል፤ ስለ አንዲት አይናፋር የወገራ ልጅ የተዘፈነ ነበር፣ ግጥሙ አሁን ጠፍቶብኛል፤ ዜማው ግን ፊልም ሳጥብ ሳላውቀው ከአፌ ይወጣ ነበር። ሻይ በስሙኒ ሁለት ብርጭቆ ይጠጣል፣ ከተረፈም ብስኩት አለ። የእኛ ፖስታ ካርድ የሚያህል ፎቶ ደግሞ ከአንድ ዶሮ ዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ስለዚህ ሰው ፎቶ የሚነሳው እንደ ሠርግ አስቦበት ነው። ወጣቱ ፀጉሩን አጎፍሮ ሚዶ ይሰካበታል። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማችንን ይሸፍን ነበር፤ ዝናብ የዘነበ ዕለት የፒያሳን ጭቃ ግማሽ ይዘን ነው ቤት የምንገባው። ሴቶቹ አጭር ቀሚስ ለብሰው ከላይ ነጠላ ጣል ያደርጋሉ፤ ከተማው ቀሚሱን ያያል፣ እናቶች ነጠላውን ያያሉ፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጋሪዎች ቃጭላቸውን እያቃጨሉ ከአዘዞ መንገድ ይመጡ ነበር።

ባለቤቱ ጋሽ ብርሃኑ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሐኪም ይመስል ነጭ ጋውን ለብሶ የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ የፊት ሌንስ ነበረው፤ ከአስመራ ይዞት የመጣ፣ ቀይ ከፋይ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ የሚያድር፣ በፍላኔላ ካልሆነ የማይነካ። ያ ሌንስ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም። «አቧራ ፊት አያውቅም» ይል ነበር ጋሽ ብርሃኑ። ከሌንሱ ፊት ለፊት መጋረጃ አለ፤ ሰዓሊ የሣለው ግንብና ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ በአገራችን ማንም አይቷት የማያውቅ ነጭ ወፍ። ከመጋረጃው ጎን ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና ሁለት ክራባት ተሰቅሏል። ኮቱ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተቀድዶ በመርፌ ቁልፍ የሚያያዝ ስለሆነ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ልክ ነበር። የገጠሩ ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ያስቀምጥና ኮቱን ይለብሳል፣ ክራባቱን እኔ አስርለታለሁ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኛለታለሁ። ጋሽ ብርሃኑ «ትንፋሽህን ያዝ» ይላል። ሰውየው ይይዛል። ጠቅ።

ፎቶው ከታጠበ በኋላ እርሳስ ይመጣል። ጋሽ ብርሃኑ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ የፈንጣጣ ምልክት ይሞላል፣ መጨማደድ ያጠፋል፣ ጠባሳ ይደመስሳል። ሰው የሚከፍለው ለዚህ ነበር፤ እኛም እንኮራበት ነበር። አሁን ሳስበው ከእጁ የሚወጣ ሰው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስል ነበር። ያኔ ግን ይህን ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ ቢኖርም ምቀኛ ነው ይባላል። ዛሬ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ቦታ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሙዚቃ ቤቱ ስልክ ይጠግናል። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉ ወጣቶች ቢጫውን ግድግዳ ተደግፈው እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸውን ያነሳሉ፤ ይስቃሉ፣ ያጠፉታል፣ እንደገና ያነሳሉ። ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም። ይህን በቅናት አይደለም የምለው።

ከፎቶ ቤቱ የምወጣው ለስፖርት ቀን ብቻ ነበር። የትምህርት ቤቶቹ ውድድር በመጣ ቁጥር ጋሽ ብርሃኑ አንድ አሮጌ ካሜራ ከነሃምሳ ሌንሱ ያሸክመኛል፤ ቢሰበር የማያሳዝነውን ማለት ነው። ሃምሳ ሌንስ ይዞ ሯጭ ማንሳት ለማያውቀው ቀላል ይመስለዋል። ከሩቅ ካነሳኸው ሯጩ ጉንዳን ያህላል፤ ስለዚህ ከኖራው መስመር ላይ ልትቆም ምንም አይቀርህም። ዳኞቹ በፊሽካ ያባርሩኛል፣ እኔ ዞር እልና እመለሳለሁ። የመጨረሻው ውድድር የረጅም ርቀቱ ነበር። ልጆቹን በማኪና አዘዞ ወስደው ያወርዷቸዋል፤ ከዚያ ያን ዳገት ሁሉ በሩጫ ወጥተው ስታዲየም ይገባሉ። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀው እሱን ነው። ሴቶች ዣንጥላ ይዘው፣ ወንዶች ዛፍ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። በአንደኛው ዓመት ሦስተኛ ሆኖ የገባው አዳነ የሚባል ልጅ ነበር፤ አገሩ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ሲሆን ከተማ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ አውራ ጣቱ ብቅ ያለበት የሸራ ጫማ አድርጎ የሚሮጥ። ኖራውን ሲረግጥ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረግኩ። ከጥቂት ወራት በፊት ፎቶ ቤታችን መጥቶ ያን ኮት ለብሶ ስለተነሳ፣ ፎቶውንም መስኮታችን ላይ ስለለጠፍነው ነው ስሙን የማውቀው።

ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። ወጣት የሚበላ ጊዜ ነበር፤ የትኛው ወገን በላው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አዳነ ከሄደበት አልተመለሰም። መርዶው መጣ፣ ሬሳው አልመጣም።

ይህን የሰማሁት ከአጎቱ ነው። አያ መኮንን የሚባሉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው የገቡ ደልዳላ ሰው ነበሩ። ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይቺን እናንተ ናችሁ ያነሳችኋት?»

ጋሽ ብርሃኑ አየና ደስ አለው። «አዎን፣ የኛ ሥራ ነው። ምነው፣ ሌላ ኮፒ ፈለጉ?»

«ኮፒ አይደለም። ልጁን ነው የፈለግን» አሉ አያ መኮንን፣ ተቀመጡም።

በአገራቸው ሬሳ የሌለበት ልቅሶ የሚለቀሰው በዕቃው ነው። ልብሱ፣ ዱላው፣ ጫማው ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ፈረስ ያለው እንደሆነ ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል፤ ፎቶ ካለ ደግሞ እህት ደረቷ ላይ ታቅፋው በሕዝቡ መካከል ትዞራለች። የአዳነም እህት ያን ኮትና ክራባት ያለበትን ፎቶ ታቅፋ ዞረች። አልቃሿ ጀመረች፣ አገሩ አለቀሰ። እናቱ ግን ፎቶውን አዩና «ይህ የማን ሹም ነው? የማንን ልጅ ነው የምታስለቅሱኝ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

«አንዲት ጠብታ አልወጣትም» አሉ አያ መኮንን። «ማታ ማታ ራቱን ታስቀምጥለታለች። ልጄ ተማሪ ቤት ነው ትላለች። ያላለቀሰች እናት ምን እንደምትሆን እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ እህቴንም ልቀብራት አልሻም። አርባው ሳይደርስ እሱን የሚመስል ሸጋ ፎቶ ካላችሁ ስጡን። ኮት የሌለበት።» ከዚያ በጣታቸው የፎቶውን ቅንድብ ነኩ። «እዚህ ላይ በልጅነቱ በቅሎ የረገጠችው ምልክት ነበረው። የት አደረሳችሁት?»

«አጠፋንለት» አለ ጋሽ ብርሃኑ። ቃሉን በኩራት ጀምሮ በሐፍረት ነው የጨረሰው። እኔ ያን ሰው ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደስም አላለኝ።

ሌላ ፎቶ አልነበረም። የገበሬ ልጅ ሁለት ጊዜ ፎቶ አይነሳም ነበር። አያ መኮንን ዱላቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ የስፖርቱ ቀን ትዝ አለኝ። ከጓዳ ፊልም የምናኖርባቸውን የብስኩት ቆርቆሮዎች አውርጄ ፊልሞቹን ወደ ብርሃን ይዤ እያየሁ ፈለግኩ፤ አገኘሁትም። ጨለማው ክፍል ገብቼ፣ ቀዩን መብራት አብርቼ፣ ሕዝቡን ወዲያ ትቼ ፊቱን ብቻ እስከቻልኩት ድረስ አሳደግኩት። ወረቀቱን የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሳስገባው መጀመሪያ የወጣው የአፉ ጨለማ ነበር። ቀጥሎ ጥርሱ፣ የአንገቱ ሥር፣ ላቡ፣ ከዚያ ቅንድቡ ላይ ያለችው ነጭ ጭረት። ከኋላው ዣንጥላ የያዘች ሴትና የባሕር ዛፍ ግንድ አብረው መጡ። ስድስት ወር ፊት ለፊቴ ኮት ለብሶ መስኮታችን ላይ የከረመውን ልጅ እኔም ያየሁት ያኔ ገና ነው።

ጋሽ ብርሃኑ እርጥቡን ፎቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይህን አታወጣውም» አለኝ። «ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደረግለት ምንድን ነው? ዓይኑ ይከደናል፣ አገጩ ይታሰራል። አፉን ከፍቶ የቀረ ሬሳ ወገን የሌለው ነው። አንተ ልጃቸውን አፉን ከፍተህ በአገር ፊት ልታዞርባቸው ነው?»

እውነቱን ነበር። «በብሩሽ ልዝጋለት» አለኝ ለስለስ ብሎ። «አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ ማንም አያውቅም።»

«ከዘጋኸው ተመልሶ ባለ ኮቱ ይሆናል» አልኩት። ጋሽ ብርሃኑን ስከራከር የመጀመሪያዬ ነበር። ተቆጥቶ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ብሩሹን ውሃው ውስጥ መልሶ ወጣ።

ለአያ መኮንን አሳየኋቸው። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ። ከዚያ «እሱ ነው» አሉ፣ ቀጥለውም «አፉ ግን...» ብለው አቆሙ። ሊወስዱትም ሊተዉትም ፈሩ። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ለአርባው አንተው አምጣው። እህቴ የተጣላች እንደሆነ ካንተ ጋር ትጣላ። እኔ ዕድሜ ልኬን አብሬያት የምኖር ነኝ።»

ሄድኩ። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እንዳይታጠፍ በካርቶን ደግፌ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ይዤው ነበር። የአምባ ጊዮርጊስ ብርድ የታወቀ ነው፤ ከአውቶቡሱ ስወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጥ ጀመር። ሊቀበሉኝ ከወጡት ከአያ መኮንን ጋር የገብሱን ማሳ እያቋረጥን ስንሄድ ሁለት ሴቶች ሱሪዬን አይተው ተጠቃቀሱ። «ወየው፣ አንዱ እግር ለሁለት ሰው ይበቃል» አለች አንደኛዋ። በሌላ ቀን እስቅ ነበር። ያን ቀን የማስበው ስለ እናትየዋ ነበር። ፎቶውን አይተው እንደገና ቢነሱና ቢገቡስ? ልጄን አዋረድከው ቢሉኝስ? አያ መኮንን ከፊቴ እየሄዱ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ዳስ ተጥሏል። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ማዕድ ቀርቧል። ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የአዳነ እናት፣ ዳሱ ጥግ ተቀምጠው እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ እገሌ አልበላም፣ ለእገሌ ጠላ ቅዱ ይላሉ። ልጇ የሞተባት እናት ፀጉሯን ትላጫለች፣ ልብሷን ታጠቁራለች። እሳቸው ሹሩባቸውን እንደተሠሩ፣ ነጩን ቀሚስ እንደለበሱ ነበሩ። የሌላ ሰው ልጅ ተዝካር ላይ የመጡ ይመስሉ ነበር። ያን ሳይ አያ መኮንን ምን እንደፈሩ ገባኝ።

እህቱ ጋዜጣውን ፈታች። አየችውና ቶሎ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፤ ፊቱን ወደ ሰው ልታዞረው አልደፈረችም። አጠገቧ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። አንዲት አሮጊት በሹክሹክታ «ኧረ አፉን ምነው አልዘጉለትም?» አለች። ሹክሹክታዋን ዳሱ ሁሉ ሰማው። አያ መኮንን ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«እስቲ ወዲህ በሉት» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። በመጀመሪያ በቀሚሳቸው ጫፍ የጋዜጣውን ቀለም ከዳር ዳሩ ጠረጉ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቅንድቡ ላይ አደረጉ። «ይቺ በቅሎዋ ናት» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ቆይተው ቀና አሉና «ማነው ያነሳው?» ብለው ጠየቁ። አያ መኮንን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ምነው እንዲህ ያለከልካል?»

«ሮጦ ነው እማማ። ውድድር ነበር፤ ሲደርስ ነው ያነሳሁት።»

«ከየት ነው የሮጠ?»

«ከአዘዞ።»

«ያን ሁሉ ዳገት?»

«አዎን እማማ፣ ዳገቱን ሁሉ።»

«ታዲያ ውሃ ስጡት እንጂ» አሉ፣ ዙሪያቸውን እያዩ። «ምነው ቆማችሁ ታዩታላችሁ? ልጄን ጠምቶታል።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቄሱ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። በመጨረሻ እህቱ ተነስታ ሄዳ በጣሳ ውሃ ይዛ መጣች። እናትየዋ ፎቶውን በግራ ክንዳቸው ደገፍ አድርገው፣ እንደሚጠባ ሕፃን ቀና አድርገው፣ ጣሳውን አፉ ላይ አስጠጉለት። ውሃው ወረቀቱን ነክቶ ወረደ፣ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ጥቂት ዘንበል አደረጉት፤ አሁንም ወረደ። ጣሳውን አወረዱ።

«አይጠጣም» አሉ። «መኮንን፣ አይጠጣም። ልጄ አይጠጣም።»

ከዚያ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። ፎቶውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ወደ መሬት ወረዱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ጥለው ከበቧቸው፤ ከአርባ ቀን በፊት መለቀስ የነበረበት ልቅሶ ያን ቀን ተለቀሰ። አያ መኮንን የዳሱን ምሰሶ ይዘው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ስለ አፉ የተናገረችው አሮጊት ከሁሉ ይበልጥ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አንድ ጊዜ ከፊቴ ስላለፈ ልጅ፣ ወንድሜ የሞተ ያህል አለቀስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰዉ እየተሰናበተ ሲሄድ፣ ወይዘሮ ጥሩዬ አስጠሩኝ። አንዲት ሴት ከኋላቸው ሆና ሹሩባቸውን እየፈታች ነበር፤ ምላጩ አጠገቧ ተቀምጧል። ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ና ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። «ከዚህ ቀጥሎ ያለው የታለ?»

«የቱ እማማ?»

«ከደረሰ በኋላ ያለው። ትንፋሹ ተመልሶለት፣ ጠጥቶ ያለው። እሱንም አምጣልኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አዳነን አንድ ጊዜ ጠቅ እንዳደረግኩ ካሜራዬን ወደ አንደኛው አዙሬ ነበር፤ እሱን ተሸክመውት ነበር፣ ዋንጫ ሊሰጡት ነበር። አዳነ በትከሻዬ በኩል ሲያልፍ ትንፋሹ ጆሮዬን ነክቶኛል። የት ሄዶ እንደተቀመጠ አላየሁም።

«አላነሳሁትም እማማ» አልኳቸው።

«ግዴለም» አሉኝ፣ እኔን ማጽናናት የእሳቸው ፋንታ ይመስል። «ብቻ ያን ቀን ጠጥቷል?»

«ጠጥቷል።»

«ማን ሰጠው?»

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር።

«እኔ» አልኳቸው።

እጄን ጎትተው መዳፌን ሳሙት። «ውሃ አያሳጣህ» አሉኝ፤ ከዚያ ለሴትዮዋ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሩጫ አንስቻለሁ። ፊልም ረስቼ የሄድኩበት ቀን አለ፣ ሌንስ ቤት ጥዬ ስታዲየም የደረስኩበትም ቀን አለ። ውሃ ሳልይዝ ግን ወጥቼ አላውቅም።